የገበረ እና ያስገበረ

ሐምሌ ነው። ደሴ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል፤ ጦሳም በጉም ተሸፍኗል። ከእማዬ ጋር ግብር ልንከፍል ተሰልፈናል። ትንሽ ሱቅ አለቻት። የአምናውን ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛዋለች።

አምና ግምቱ በዝቶባት ቅሬታ አስገብታ ነበር። ሦስት ቀን ተመላለሰች። በመጨረሻ ተቀነሰላት። ዘንድሮ ሰልፉ ላይ ሳያት ፊቷ ፈታ ብሏል። ቢበዛባት የት ሄዳ ለማን እንደምትናገር ታውቃለች።

እኔ ደግሞ ሰሞኑን ስለ አየርላንድ ሳነብ ነው የከረምኩት። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ኅብረት አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን አፕል እስከ 13 ቢሊዮን ዩሮ ውዝፍ ግብር ለአየርላንድ ይክፈል ብሎ ወሰነ። አየርላንድ ግን ገንዘቡ አይገባኝም ብላ ይግባኝ ጠየቀች! በ2024 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ለኮሚሽኑ ፈረደ።

መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ይህን ያህል ብር እምቢ የሚል መንግሥት አለ እንዴ? ቆይቶ መልሱን ከገዛ ቋንቋችን አገኘሁት። «ገበረ» ስንል ከፈለ ማለት ብቻ አይደለም፤ ተሸነፈ፣ እጁን ሰጠ ማለትም ነው። ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ አይጠየፍ አዳራሽ ያበሉትም ግብር ይባላል። የገበረ፣ ያስገበረ፣ ግብር ያበላ፤ የሥልጣን ወሬያችን ሁሉ ከዚች ቃል አይወጣም። አየርላንድም 13 ቢሊዮኑን ዩሮ ስትገፋ ይህንኑ ፈርታ ይመስለኛል። ግብሬን ሌላ ከቆረጠልኝ ገበርኩ ማለት ነው ብላ። በ2008 ሕዝቧ የኅብረቱን አሠራር የሚቀይረውን የሊዝበን ውል በድምፁ ጣለው። በ2009 እሺ ያለው ኅብረቱ ውሉ ግብራችሁን አይነካም ብሎ ማረጋገጫ ከሰጠ በኋላ ነው።

ስጋታቸው ይገባኛል። ግን እማዬ በዝናብ ተሰልፋ የድርሻዋን ስትከፍል፣ ግዙፍ ኩባንያ ትርፉን ከአገር አገር እያዞረ ማምለጡ ያንገበግበኛል። በኅብረቱ የግብር ጉዳይ 27ቱም አገሮች ካልተስማሙ አያልፍም። እንዲያም ሆኖ በ2022 መጨረሻ፣ ሃንጋሪ ወራት ካስቆመችው በኋላ፣ በዓመት ከ750 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሚያስገቡ ኩባንያዎች ቢያንስ 15 በመቶ እንዲከፍሉ ተስማሙ። አየርላንድም 12.5 በመቶዋን ለሌሎቹ ይዛ፣ ለትልልቆቹ ከ2024 ጀምሮ 15 አደረገች። ይህ ትክክል ነው እላለሁ። ከዚህ እንዳይወርድ ይስማሙ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግን የየአገሩ ፓርላማ ይቁረጠው። ደሴ ያለች ባለሱቅ መስኮቱን አንኳኩታ «በዛብኝ» ትላለች። የደብሊን ባለሱቅ የኅብረቱ መቀመጫ ብራስልስ ድረስ ሄዳ የማንን መስኮት ታንኳኳ?

ተራችን ደረሰ። እማዬ ፌስታሉን ፈታች። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ አንድ ቁጥር ነገራት።

«የአምናው የተቀነሰልኝ አለበት? እስቲ ደግመህ እየው፣ ልጄ» አለችው።

ደግሞ አየላት።