ክሬቲኒን ጉድ የሠራኝ ጊዜ

የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚ የመሞት ዕድሉ ስንት እንደሆነ ቀድሞ በቁጥር መገመት ላይ ነበር የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት። ያኔ አንድ ሰው አስጠንቅቆኝ ቢሆን ሁለት ወር አላቃጥልም ነበር።

የተጠቀምኩት ዩሮስኮር 2 የሚባለውን የስጋት ማስያ ቀመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሲሆን የተሠራው በ43 አገራት ከ22 ሺህ በላይ ታካሚዎች መረጃ ነው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የልብ አቅም፣ ድንገተኛ ነው ወይስ በቀጠሮ፣ የቀዶ ጥገናው ዓይነት... ትሞላለህ፣ ፐርሰንት ይሰጥሃል። የጥናት ፈቃዱም ፎርሙም ያው እንደሁልጊዜው ነው፣ አለፈ።

ጉዱ ኩላሊት ላይ መጣ። ለዩሮስኮር 2 ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ብቻውን አይበቃም። ከዕድሜ፣ ከክብደትና ከጾታ ጋር አስልተህ ክሊራንሱን፣ ማለትም ኩላሊቱ በደቂቃ ስንት ሚሊሊትር ደም እንደሚያጠራ፣ ታወጣለህ። ከ85 በላይ ደህና፣ ከ50 እስከ 85 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች ከባድ ነው። ቀመሩን ኤክሴል ላይ ጻፍኩና ከካርድ እየገለበጥኩ ሞላሁ። የእኔ ቀመር የሚፈልገው ማይክሮሞል በሊትር ነው። የላብ ወረቀቱ ግን "ክሬቲኒን 1.4" ብሎ ዝም። መለኪያ የለም። ሚሊግራም በዴሲሊትር መሆኑን ማንም ሐኪም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ማን ያስባል?

የ68 ዓመት ሰውዬ፣ 58 ኪሎ፣ ክሊራንስ 3,669! ሯጮቻችንም እንዲህ ያለ ኩላሊት የላቸውም። ትክክለኛው 41 ነበር። ኮለሙን ደብቄው ስለነበር የማየው "ደህና" የሚለውን ብቻ ነው። አድቫይዘሬ "የሁሉም ሰው ኩላሊት ደህና ነው እንዴ?" ብለው ሲስቁብኝ ነው የነቃሁት። እስከዛ የሁሉንም ስጋት አሳንሼ ጨርሻለሁ።

ሚሊግራሙን ወደ ማይክሮሞል ለመቀየር ሁሉንም በ88.4 አባዝቼ እገላገላለሁ ብዬ ተጽናናሁ። የት አባቱ! አንዳንዱ ወረቀት ከሌላ ማሽን የወጣ ነው፣ በማይክሮሞል 124 ይላል፣ እሱም ያው 1.4 ነው። ስለዚህ እንደገና ካርድ ክፍል። እትዬ ካርድ ክፍል "አልጨረስክም እንዴ፣ ዶክተር?" እያሉ ያንኑ ክምር አቧራውን አራግፈው ሰጡኝ። ምን ልበላቸው?

ደግሞ "በሽታው ካርዱ ላይ ካልተጻፈ የለም ብለህ ሙላ" የሚባል ምክር አለ። አትስሙ። እኛ ጋ ያልተጻፈ ማለት ያልተጻፈ ማለት ነው፣ የኢኮውን (የልብ አልትራሳውንዱን) ወረቀት ፈልጉ።

ፐርሰንቱንም ለቤተሰብ እንዳለ አትንገሩ። ዩሮስኮር 2 የተሠራባቸው ሰዎች አማካይ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነው፣ ግማሽ ገደማዎቹም ባይፓስ (ለጠበበ የልብ ደም ስር ማለፊያ) የተሠራላቸው ናቸው። እኛ ጋ የሚመጡት በሩማቲክ የልብ በሽታ የልብ ቫልቫቸው የተበላሸባቸው ወጣቶች ናቸው። ለቀመሩ ደግሞ ከ60 በታች ያለ ዕድሜ ሁሉ እኩል ነው፣ 24ም 59ም። አንዷ ልጅ 24 ዓመቷ፣ የሳንባ ደም ስሯ ግፊት 70 ነበር። ግፊቱን ሞላሁት። ስንት ዓመት ወረፋ እንደጠበቀች የሚሞላበት ቦታ ግን ፎርሙ ላይ የለም።