ሁለቱን በአንድ ገበታ

አያቴ የተወለደችበትን ቀን በትክክል አታውቀውም ነበር። የምታውቀው ሁለት ነገር ነው። አባቷ ማይጨው ዘምቶ ሳለ ተወለደች፤ ክርስትና የተነሳችው ደግሞ በሰኔ ሚካኤል ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ አይደል ክርስትና የምትነሳው? የአክስቴ ልጅ ከሰኔ 12 ቀን 1928 ዓ.ም. ሰማንያ ቀን ወደኋላ ቆጠረ። መጋቢት 22 ላይ አረፈ። የማይጨው ጦርነት የተደረገበት ዕለት ራሱ! እኛ ጉድ ስንል እማማ ግን አልገረማትም። «ታዲያ እኔ ምን አልኳችሁ?» አለችን።

ዘንድሮ 90 ሞላት ማለት ነው። መጋቢት ጾም ስለሆነ ድግሱን ለዳግማይ ትንሣኤ አዛወርነው። ወደ ድግሱ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ አባዬና ስለ ታላቅ ወንድሙ ልንገራችሁ።

አባዬና ጋሼ አያታችን ደሴ በተዉት ቤት ተጣልተው 14 ዓመት አልተነጋገሩም። ሽማግሌ ተላከ፣ ንስሐ አባት መጡ፣ ወይ ፍንክች። እማማ ፋሲካን ሁለት ጊዜ ነበር የምታከብረው። ጠዋት ጋሼ ከነቤተሰቡ ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላ እኛ። የጋሼ ልጆች የበሉበት ሳህን ገና ሳይታጠብ የደረስንበት ጊዜ አለ።

ኅዳር ላይ እማማን የሳንባ ምች ጣላት። ኦክስጅን ተደረገላት። ሐኪሙ አባዬን ወደ ጎን ወስዶ «ዕድሜያቸውም ገፍቷል፤ ለሁሉም ተዘጋጁ» አለው። ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሳሁ። መንገዱን በሙሉ «ግሸን ማርያም፣ ዘጠናዋን እንኳ አድርሽልኝ» እያልኩ ሄድኩ። አምስት ወር እንኳ አልቀራትም። ቀን ቆጥሬ መለመኔ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ለሌሊት የሚፈቀደው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው። ተራውን የምታወጣው አክስቴ ናት። እሷ ደግሞ የሰፈሩ ዕቁብ ሰብሳቢ ናት፤ ተራ ተሳስታ አታውቅም። በሦስተኛው ሌሊት ግን ለአባዬም ለጋሼም «ዛሬ አንተ ነህ» ብላ ደወለች። ሁለቱም መጡ። በሩ ላይ ተፋጠጡ። አንዱም አይመለስ፣ አንዱም አይናገር። ዘበኛው ግራ ቢገባው ሁለቱንም አስገባቸው። አክስቴን ስንት ጊዜ ጠየቅኳት መሰላችሁ። «ማርያምን፣ ሆን ብዬ አይደለም» ብላ ትምላለች።

ጠዋት አጥሚት ይዤ ስገባ ጋሼ ወንበር ላይ በኮቱ ብቻ ተኮራምቶ ተኝቷል። የደሴ የኅዳር ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጋቢው የለም። ዝቅ ብዬ ሳይ አባዬ ከአልጋው ሥር በተነጠፈች ፍራሽ ላይ ያንኮራፋል፤ እስከ አፍንጫው የተከናነበው የጋሼን ጋቢ ነው። እማማ ነቅታለች። የኦክስጅን ጭምብሏ ላይ ሌባ ጣቷን አስጠጋች። እንዳልቀሰቅሳቸው ነው።

በኋላ ምን እንደተባባሉ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅን። የቤቱ ነገር በጥር በሽማግሌ አለቀ። እማማም፣ የማርያም ስሟ ይክበርና፣ በዘጠነኛው ቀን በእግሯ ቤቷ ገባች።

ገና ሳሉ እንኳ ሳይለቃት «ጃንጥላ ግዙልኝ፣ የግሸን ስለት አለብኝ» አለች። እኔ ለመዳኗ የተሳለች መስሎኝ «ማርያም ሰማችሽ» አልኳት። ሳቀችብኝ።

«ለመዳኔ? ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ ደግሞ ጨምሪልኝ ልበላት? ሁለቱን በአንድ ገበታ ሳታሳዪኝ አትውሰጂኝ ነው ያልኳት።»

ለ14 ዓመት ከንስሐ አባቷ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም። ጃንጥላው ተገዝቷል። ለመስከረም 21 አባዬና ጋሼ አምባውን አብረው ወጥተው ያስገባሉ።

ድግሱ ላይ ሰባ ሰው ግድም ነበርን። ከዋሽንግተን ድረስ የመጣ አለ። ወሎ ነውና ለሙስሊም ዘመዶቻችን በግ ለብቻ ታርዶ፣ በሌላ ድስት ተሠርቷል። ኬኩ ላይ ሻማ ሲለኮስ ሕፃናቱ «እፍ በይው!» አሏት። «ሻማ ለማርያም ይበራል እንጂ እፍ ይባላል?» ብላ እምቢ አለች። ማንም ደፍሮ አላጠፋውም። ቀልጦ ክሬሙ ላይ ፈሰሰ፣ እኛም ሰሙን እየለቀምን በላን።

ከዚያ ጋሼ ዶሮውን በእንጀራ ጠቅልሎ ተነሳና አባዬን አጎረሰው። ትልቅ ጉርሻ። ቤቱ ጸጥ አለ። እማማ ከመደቡ ላይ ሆና «አንድ ያጣላል!» ብላ ጮኸች። አባዬ አፉ ሞልቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ በእጁ «ቆይ፣ ቆይ» ይላል። ጋሼ ሁለተኛውን ጠቅልሎ ቆሞ እየጠበቀው ነበር።