የበጉ ጉበትና የአይስላንድ መነኮሳት

ለፋሲካ ደብረ ብርሃን እማዬ ጋ ሄጄ ነበር። በጉ ታረደ፣ ሁሌ የሚያርድልን ጎረቤታችን ጋሼ ሆድዕቃውን ሲያወጣ ጉበቱ ላይ የእንቁላል አስኳል የምታክል ነጣ ያለች ውሃ የቋጠረች ነገር አየሁ። እሱ ምንም ሳይመስለው በቢላው ዙሪያዋን ቆረጠና ለቡቺ ወረወረለት። እኔ ዘልዬ በጫማዬ ረገጥኳት። እማዬ "ምን ነካህ ልጄ፣ በዓመት በዓል ለውሻ ትሰስታለህ?" አለች፣ ሁሉም ሳቀብኝ።

ምን እንደነካኝ ላስረዳ። ሰሞኑን ስለ አንድ የአይስላንድ ገዳም እያነበብኩ ነበር፣ ስክሪዱክላውስቱር ይባላል፣ ስሙን ለመጥራት እኔም ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በምሥራቅ አይስላንድ ያለ የአውግስጢኖስ ሥርዓት ገዳም ነው፣ በፈረንጅ 1493 ተመሠረተ፣ ከዛ ሉተራኖቹ ሲመጡ በ1550ዎቹ ተዘጋ፣ 60 ዓመት እንኳን በደንብ አልኖረም። ስታይኑን ክሪስትያንስዶቲር የምትባል አርኪዮሎጂስት ከ2000 እስከ 2012 ቆፈረችው። መነኮሳት ብቻ ይገኛሉ ሲባል ወደ 300 የሚጠጋ መቃብር ወጣ፣ ሴት አለ፣ ሕፃን አለ፣ አጥንታቸው ሲታይ ደግሞ ብዙዎቹ በሽተኛ ናቸው። ቂጥኝ፣ ቲቢ፣ ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደም አለ። የቀዶ ጥገና ስለት፣ ለመድኃኒት የሚሆኑ እፅዋት ርዝራዥም አብሮ ተገኘ። አንዳንዱ አጥንት ውስጥ ባዜቃ ተገኝቷል፣ ያኔ ቂጥኝን በባዜቃ ያክሙ ነበርና (ከበሽታው መድኃኒቱ ይብስ ነበር ማለት ነው)።

እዛ አገር ገዳም ሲባል መጽሐፍ የሚጻፍበት እንጂ በሽተኛ የሚተኛበት ነው ብሎ ያሰበ ብዙም ስላልነበር ነገሩ ትልቅ ዜና ሆነ። እኔ ግን አልገረመኝም። አክስቴን ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ይዤ ሄጄ አይቻለሁ፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ የመጣ፣ በቃሬዛ የመጣ፣ ስንት ወር የከረመ፣ ድኖ የሚሄድ አለ የማይሄድም አለ። የሰሜን ሸዋ ሰው ገዳም አጠገብ በሽተኛ ተቀብሮ ቢያገኝ "እና?" ነው የሚለው።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ከአፅሞቹ ጋር እንደ እንቁላል ቅርፊት የደረቁ ከረጢቶች ተገኝተዋል። ሰውዬው በሕይወት እያለ ጉበቱ ወይ ሳንባው ላይ ውሃ ቋጥረው የነበሩ ናቸው፣ ዓመታት ሲቆዩ ካልሲየም እየያዙ ጠነከሩና ሥጋው ሲበሰብስ እነሱ ቀሩ። ያቺ የጋሼ ቢላ የነካቻት ነገር ማለት ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው የሚዞረው፣ ውሻ አንጀት ውስጥ የሩዝ ፍሬ የማታክል የኮሶ ትል ዘር አለች፣ እንቁላሏ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሳር ላይ ይቀራል፣ በግ ይግጠዋል፣ ጉበቱ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ እኛ አርደን ጥሬውን ለውሻ እንሰጣለን፣ እንደገና ይጀመራል። ሰው የሚያዘው በጉን በልቶ አይደለም፣ ውሻ የነካ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ነው። ከጥሬ ሥጋ የምናገኘው ኮሶ አንጀት ውስጥ ስለሆነ የእማዬን የኮሶ መድኃኒት ጠጥተህ ታወጣዋለህ፣ ይሄኛው ግን ጉበት ውስጥ ስለተቀመጠ ዛፉን ሙሉ ብትጠጣም አይወጣም።

አይስላንድ በግና ውሻ እንደኛው እንደ መንዝ አብሮ የሚኖርበት ብርዳም አገር ነው፣ በሽታው ከገዳሙ ዘመን በኋላም በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲያሰቃያቸው ኖረ። በ1863 ክራቤ የሚባል የዴንማርክ ሰው ሄዶ ውሾቻቸውን መረመረ፣ ከዛ ለሕዝቡ ትንሽ መጽሐፍ ታደለ፣ ውሻችሁን ትሉን አስወጡለት፣ ውሃ የቋጠረውን ቅበሩ ወይ አቃጥሉ ተባለ፣ ሰዉም እያነበበ አደረገው፣ አሁን በሽታው ከአገሩ ጠፍቷል።

ይሄን ሁሉ ዶሮ ወጡ ላይ ቁጭ ብለን ለጋሼ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ታዲያ እስከዛሬ ስንቱን ወርውሬያለሁ" አለ፣ ከዛ ተነስቶ እጁን በሳሙና ታጠበ።

እኔ ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኳት። ማታ ስወጣ ቡቺ አፈሩን እየጫረ አገኘሁት፣ የወፍጮውን ድንጋይ አንከባልዬ ጫንኩበት።