የእንሽላሊቱ ክፍተት ተዘጋ

ኤ3 ወረቀት ከዳር እስከ ዳር በእንሽላሊት ሞላ፤ ክፍተትም መደራረብም የለም። ዘዴው ሆላንዳዊው ሠዓሊ ኤሸር በ1943 እ.ኤ.አ. በሠራው የእንሽላሊቶች ሊቶግራፍ (የድንጋይ ኅትመት) ላይ የሚታየው ነው።

ቀላሉን ዘዴ፣ ከአራት ማዕዘን ግራ ጎን የቆረጡትን ቀኝ ጎኑ ላይ መለጠፉን፣ እንለፈው፤ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የመላእክት ፊቶች ለዚህ ጥበብ ምሳሌ ሲደረጉ ይሰማል፤ አይሆኑም። እዚያ በፊትና በፊት መካከል መደብ አለ። ኤሸር ጋ ግን የአንዱ ዳር የሌላው ዳር ነው።

ጎኑ 4 ሴ.ሜ የሆነ ባለ ስድስት ጎን ውሰዱና ጥጎቹን ከ1 እስከ 6 ቁጠሩ። ከ1 ወደ 2 ጥምዝ መስመር ሣሉ፤ መርፌ 1 ላይ ተክላችሁ 120 ዲግሪ አዙሩት፤ ከ1 ወደ 6 ባለው ጎን ላይ ያርፋል። 3 እና 5 ላይም እንዲሁ። 2፣ 4 እና 6 ላይ መርፌ አይተከልም፤ እዚያ የሚገናኙት የሦስት እንሽላሊቶች የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። መስመሩን ስታዞሩ ወረቀቱን ከገለበጣችሁት አለቀ፤ አይገጥምም።

ያስቸገረው ሌላ ነው። ቅርጹ ትክክል ሆኖ ሳለ አምስተኛው ስድስተኛው ላይ ክፍተት ይመጣል። ጥፋቱ የእርሳሱ ነው፦ 0.5 ሚ.ሜ እርሳስ ሞዴሉን (ዙሪያው እየተሣለ የሚደጋገመውን ቁርጥ ቅርጽ) ሲዞር መስመሩን በየጎኑ 0.25 ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቀጣዩን በቀዳሚው መስመር ካስጠጋችሁት ስድስት ሲደረደር 3 ሚ.ሜ ይሞላል። ፒያሳ የሚገኘው ቀጭን ካርቶን ደግሞ በክረምት እርጥበት ያብጣል።

መፍትሔው ነጥቦቹን አስቀድሞ መምታት ነው። በረድፍ በየ4 ሴ.ሜ ነጥብ፣ ቀጣዩ ረድፍ 2 ሴ.ሜ ገባ ብሎ። የረድፎቹን ርቀት ሁልጊዜ ከዜሮ ለኩ፦ 3.5፣ 6.9፣ 10.4፣ 13.9፣ 17.3 ሴ.ሜ። ማስመሪያውን እያነሱ 3.5 መደመር ሰባተኛው ረድፍ ላይ 2.5 ሚ.ሜ ያሳስታል። በየረድፉ ከሦስት ነጥብ አንዱ የቅርጹ መሃል ነው፤ ሌሎቹ ጥጎች ናቸው።

ለሞዴል ከአሮጌ የራጅ ፊልም የሚበልጥ የለም። በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ጥቁሩ ይለቃል (ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ)፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ አያብጥም። በምላጭ ቁረጡት፤ ስድስቱን ጥግና መሃሉን በመርፌ ብሱና ቀዳዳዎቹን ነጥብ ላይ አሳርፉ። ጎረቤቱን እንሽላሊት አትዩት! ኮምፒውተር ይህን በደቂቃ ይሠራዋል የሚሉ አሉ፤ ይሠራዋል፣ ግን ክፍተቱ ከየት እንደሚመጣ አያሳይም።

ቀለም ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል፤ በየጥጉ ሦስት ይገናኛሉና። በዚህ ላይ ከዚያ ያለፈ ምክር የለንም፤ ውሃ ቀለሙ አሁንም መስመር እያለፈ ይፈሳል። እንሽላሊቱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሩቅ ሲታይ የተረገጠ ጓጉንቸር ነው የሚመስለው።