ተራራው ከሰፈር የሚጀምርበት ከተማ

ከአዲስ አበባ ለመውጣት ስወስን መስፈርቴ ሁለት ነበር። ከቤቴ ወጥቼ ያለ መኪና ተራራ መድረስ እፈልጋለሁ። ኪራዩም ደመወዜን መጨረስ የለበትም።

ልቤ መጀመሪያ ላሊበላ ነበር። አጠገቡ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለበት። ግን በእኔ ሙያ እዚያ ሥራ አላገኘሁም። ኮምቦልቻን አየሁ። አውሮፕላን ማረፊያ አለው፣ ፋብሪካ አለው፣ አየሩ ሞቅ ይላል። ለብዙ ሰው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እኔ ግን ብርድ ስለምወድ አጠገቡ ያለችውን ደሴን መረጥኩ።

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ይባላል፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተዘርግታለች። ከሥራ ወጥቼ ጫማ ቀይሬ ጦሳን መውጣት ስጀምር ገና ፀሐይ አለች። የባጃጅ ሳንቲም እንኳ አላወጣም። አዲስ አበባ እያለሁ እንጦጦ ለመሄድ ቅዳሜን መጠበቅ ነበረብኝ። ይሄ ለእኔ ከኪራዩ ቅናሽ ይበልጣል።

ቤት ፍለጋው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደሴ ዳገት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ክረምት ላይ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ የሚንሸራተት ቦታ አለ። አንድ በጣም ርካሽ ቤት አይቼ የተውኩት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስለተሰነጠቀ ነው። ቤት የምታዩ ሰዎች፣ ከበላዩ ያለውን ዳገትና የጎርፉን መውረጃ እዩ። ጎረቤትም ጠይቁ፤ ወሎዬ ሲጠየቅ አይደብቅም። ውሃ በፈረቃ ነው። ይህን ሳነሳባቸው አከራዬ እማማ፣ «አብሽር ልጄ፣ ሮቶ አለን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እስካሁን አልተቸገርኩም።

እሁድ ሲሆን በሚኒባስ ሐይቅ እሄዳለሁ፤ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃው ዳር እየተራመድኩ እስጢፋኖስ ገዳም በር ድረስ እሄዳለሁ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ መሆኑን ሳስብ እርምጃዬ ራሱ ዝግ ይላል።

ራቅ ላለ ጉዞ መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ከሹፌሮች እጠይቃለሁ፤ አይሆንም ካሉኝ እቀራለሁ። ሰላም ከሆነ ከመስከረም በኋላ እዚሁ ደቡብ ወሎ ወዳለው ቦረና ሳይንት ፓርክ መሄድ እፈልጋለሁ። ለዚያ ብርድ የሚሆን የመኝታ ከረጢት እየፈለግሁ ነው።