ሞተሩ ገባ፣ ጭሱ መውጫ አጣ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት ይተርፈኝ ስለነበር ነው። ኤምጂቢ (የድሮዋን ትንሽ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ያላችሁ፣ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር) ልክተትባት እያላችሁ የምታልሙ፣ ስለ ሞተሩ አትጨነቁ። ሞተሩ ይገባል። ከሞተሩ ጎን ስለሚቀረው ክፍተት ተጨነቁ።

መኪናዬ የ1978 ኤምጂቢ ጂቲ፣ ቋሚ ጣሪያ ያላት ዓይነት፣ ናት (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ የምኖረውም ለንደን ነው)። ጥቁር የጎማ መከላከያ ካላቸው ናት። የድሮ መኪና ወዳጆች ይህችን ይንቋታል። የሚወዱት እስከ 1974 የወጣችውን ባለ ክሮም መከላከያ ነው። እኔ ግን ለዚህ ሥራ ባለ ጎማዋን ግዙ እላለሁ። ፋብሪካው ራሱ ከ1973 እስከ 1976 ቪ8 የተገጠመላቸው 2,591 ጂቲዎች አውጥቷል። ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የባለ አራት ሲሊንደሯንም የሞተር ክፍል ቪ8 እንዲችል አድርጎ መሥራት ጀመረ። በእኔዋ ዓመት ራዲያተሩም ወደ ፊት ተገፍቷል። ባለ ክሮሟ ላይ ግን ብረት መደብደብ አለ። ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ለማየት ግዟት።

ሞተሩ ሮቨር ቪ8 ነው፣ 3.5 ሊትር። ትውልዱ አሜሪካዊ ነው። የቢዩክ ሞተር ነበር፤ ሮቨር በ1965 መብቱን ገዛና ከ1967 ጀምሮ መኪኖቹ ላይ ገጠመው። ሬንጅ ሮቨር ላይ የምናውቀው እሱ ነው። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ መኪናዋ ይዛው ከተወለደችው 1.8 ሊትር የብረት ሞተር ብዙም አይከብድም። ስለዚህ የመኪናዋ አፍንጫ አይደፋም፣ መሪውም አይከብድም። የእኔ ከሮቨር ኤስዲ1 የወጣ ነው። አዲስ ሳለ 155 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አሁን ስንት እንደቀረው እሱና ፈጣሪ ይወቁ።

ተራ የሆነውን ሥራ ቶሎ ቶሎ ልበለው። የድሮውን ሞተር ማውጣት ክሬን ካላችሁ ቀላል ነው። ካምቢዮው የኤስዲ1 ባለ አምስት ማርሽ ነው፤ ከሥር የሚይዘውን ድልድይ አስበየድኩ። ዲፈረንሻሉን ከ3.9 ወደ 3.07 ቀየርኩ፤ ካልቀየራችሁ አንደኛ ማርሽ ገና ከመንቀሳቀሳችሁ ያልቃል። የፊት ፍሬን ወፍራም ዲስክ ይፈልጋል። ራዲያተሩ ሁለት የኤሌክትሪክ ቬንቲሌተር ይፈልጋል። የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሩ፤ ከ2021 ጀምሮ እዚህ የሚሸጠው መደበኛ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፣ የድሮ ጎማ ይበላል።

አንድ ነገር ግን አትዝለሉ። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የዘይት ፓምፑን ከፍታችሁ ቫዝሊን ሙሉት። አዎ፣ የምትቀቡትን ቫዝሊን። ደረቅ ፓምፕ ዘይት መሳብ ያቅተዋል። ቫዝሊኑ ክፍተቱን ይዘጋና ዘይቱ ሲመጣ ሟምቶ አብሮ ይሄዳል። የዘይት ግፊቱ ዝቅ ብሎ ስታዩም አትደንግጡ። ይህ ሞተር ተፈጥሮው ነው። ሞቆ እየሄደ 35 ፒኤስአይ አካባቢ ካሳያችሁ ጤነኛ ነው።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን።

አሁን ወደ ጭሱ። ዋናው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ካርቡሬተሩም የጭስ ማኒፎልዱም (ከሲሊንደሮቹ ጭሱን ሰብስቦ የሚያወርደው ብረት) በግራ በኩል ነው። በእንግሊዝ መኪና መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ የመሪው ዘንግና የሚፋጀው ብረት ሳይተዋወቁ ኖረዋል። ቪ8 ግን ጭስ የሚያወጣው በሁለቱም ጎን ነው። የቀኙ ማኒፎልድ የሚወርደው ልክ የመሪው ዘንግ በሚያልፍበት፣ ክሮቼራው (የዘንጉ መታጠፊያ መጋጠሚያ) ባለበት ቦታ ነው። የዚህ ሥራ ፈተና ሙሉ በሙሉ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው ያለው።

የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ያለኝ አንድ ነው፦ «የፋብሪካውን የብረት ማኒፎልድ ተወው፣ ሞተሩን ያንቀዋል፤ ባለ ቱቦውን ግዛ።» ባለ ቱቦው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሞተሩን ክፍል ግድግዳ በስቶ፣ በፓራፋንጎው ውስጥ አልፎ ይወርዳል። በ1992 የወጣው የኤምጂቢ ተከታይ፣ አርቪ8፣ እንደዚያ ነበር። ሌላው እዚያው ሞተሩ ክፍል ውስጥ ተጠምዝዞ ይወርዳል። የመጀመሪያው ገላውን መቁረጥ ይጠይቃል። እኔ ስሠራ በነበረው የምዝገባ ደንብ መኪናዋ የድሮ ታርጋዋን ይዛ እንድትቀጥል ካልተቀየሩት ዋና ክፍሎቿ 8 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። ከዚያ ውስጥ 5ቱ የሚገኘው ካልተነካ ገላ ነው። ሞተር 1 ነጥብ ብቻ ነው። ሁለት ቀዳዳ ገላን መንካት ነው ወይስ አይደለም ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። ብዙ ሰው ቆርጦ በሰላም ይነዳል። እኔ ለታርጋዬ ሳሳሁ። ሁለተኛውን ገዛሁ።

ሻጩ «ለሁሉም ባለ ጎማ መከላከያ ኤምጂቢ ያለ ምንም ለውጥ ይገጥማል» ብሎ ጽፏል። ዕቃው ያምራል፤ የማይዝግ ብረት፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። የግራው ገባ። የቀኙም ገባ። ከመሪው ክሮቼራ ጋር የነበረው ክፍተት ጠባብ ነው፣ ግን አይነካም። ሞተሩ ተነሳ። ድምፁን ልገልጽላችሁ አልሞክርም፤ ለዚያ ድምፅ ብላችሁ አይደል ይህን ሁሉ የምታነቡት።

መንገድ ላይ ስወጣ ግን ሌላ ታሪክ ሆነ። በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ጠበቅ አድርጌ ስሰጥ መሪው በእጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ብረት ብረትን ሲፍቅ ሰማሁ። እግሬን ሳነሳ ጠፋ። ደግሜ ስሰጥ ተመለሰ። አደባባይ ላይ እየዞርኩ ሳለሁ መሪው ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። እዚያ ላይ የነበረኝን ስሜት የምመኝለት ለሻጩ ብቻ ነው።

ነገሩ የገባኝ አንድ የኛ ሰው፣ አዲስ አበባ ላንድሮቨር ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን እዚህ ጡረታ ላይ ያሉ ጋሼ መጥተው ሲያዩት ነው። ኮፋኖውን ከፍተው ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ረጅም ብረት ከሞተሩ ሥር አስገብተው በግራ በኩል ወደ ላይ ገፉት።

«ና እይ» አሉኝ። «ሞተር ቁጭ ብሎ አይሠራም። ይነሳል፣ ይተኛል። ጉልበት ስትሰጠው የትኛው ጎን ነው የሚወርደው?»

«ቀኙ ነው፣ ጋሼ።»

«መሪህስ የት ነው?»

ሌላ ነገር ማለት አላስፈለጋቸውም። ይህ ሞተር ጉልበት ሲሰጡት በግራ ይነሳል፣ በቀኝ ይወርዳል። በዚያ ላይ ደግሞ ቱቦው ሲግል ይለጠጣል። ቆሞና ቀዝቅዞ የሚበቃው ክፍተት ሲነዳ አይበቃም።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ «እስካሁን ማንም አላማረረም» አለኝ። ቀጥሎ ፎቶ ላክ አለ፤ ላክሁ። ቀጥሎ «ቱቦውን በመዶሻ ትንሽ ጠፍጥፈው» አለኝ። ያን ሁሉ ፓውንድ የከፈልኩበትን፣ ያለ ምንም ለውጥ ይገጥማል የተባለውን! መልሰው ስለው «ተገጥሞ ነበር፣ አንቀበልም» አለ። ሳልገጥመው እንደማይገጥም በምን አውቃለሁ? የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ እንደ ተገለጸው ያልሆነ ዕቃ መልሳችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን እንድትወስዱ መብት ይሰጣል፤ ግን እንዲያ በቀላሉ የሚመለሰው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሻጩ መጀመሪያ የመጠገን ወይም የመለወጥ ዕድል ይሰጠዋል። እዚህ አገር በርካሽ ጋራዥ፣ በክረምት ብርድ፣ ከሥራ በተረፈ ሰዓት ሞተር የሚቀይር ሰው በ30 ቀን መንገድ ላይ አይወጣም። ሻጩ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ «ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ዕቃውን ሁሉ ሰብስቡ» የሚለውን የተለመደ ምክር አትስሙ። ማኒፎልድ ሞተሩ በራሱ ጎሚኒ (ሞተሩ የሚያርፍበት ጎማ) ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚገዛ ዕቃ ነው። በመጣ ቀን ግጠሙት። እንደ ጋሼ ሞተሩን በብረት ገፍታችሁ አጋድሉት፣ መሪውንም ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። ከነካ ሳጥኑ ሳይጣል መልሱት።

እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት የሞተሩን ጎሚኒ በጠንካራ መቀየር ነበር። መፋቁ ቀነሰ። በምትኩ መኪናዋ መብራት ላይ በቆመች ቁጥር መስታወቱም ጥርሴም መንቀጥቀጥ ጀመረ። መፋቁ ሲቀንስ ደግሞ ሙቀቱ መጣ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ያለው በቀኝ በኩል ከማኒፎልዱ ሥር ነው። ቱቦ ከወፍራም ብረት ይልቅ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይተፋል። ነዳጅ ቀድቼ ስመለስ ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ከኋላዬ የተሰለፈው ሾፌር ግን ግማሽ ሰዓት አይጠብቅም።

መጨረሻ ላይ የሠራልኝ ሁሉም ተወው ያለኝ ነገር ነው። የፋብሪካውን የብረት ማኒፎልድ፣ ከተበተነች የድሮ ጂቲ ቪ8 የወጣ፣ ዝገት የለበሰ፣ ከባድ፣ አስቀያሚ፣ ገዛሁ። አስጠረግሁት፣ ፊቱን አስላግሁት፣ ገጠምኩት። አብሮት የሚሄደውን መውረጃ ቱቦ ማርሚታ የሚሠራ ሰው ልኩን አጠፈልኝ። ከመሪው ጋር አይገናኝም። ሊገናኝም አይችልም፤ የፋብሪካው መሐንዲሶች ለዚህችው መኪና፣ ለዚህችው ጠባብ ቦታ ነው የሳሉት። ለስላሳውን ጎሚኒ መለስኩ። ሞተሪኖውንም በአነስተኛና ጠንካራ ቀየርኩት፣ መሐሉ ላይ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ሲሞቅም ይነሳል። ጉልበት ይቀንሳል የሚሉኝ አሉ። ይቀንስ ይሆናል። ቱቦው ካለበት መኪና ጋር ተሽቀዳድሜ አላውቅም፣ መሪዬ ግን ይዞራል።

የወረቀቱ ጉዳይ ከፈራሁት ያነሰ ነበር። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩንና የሞተሩን መጠን ማስቀየር ግዴታ ነው፤ የሞተሩን ደረሰኝ አትጣሉ። ኢንሹራንስ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። አንዱ ድርጅት ቪ8 የሚለውን ቃል ሲሰማ ስልኩን የዘጋብኝ ያህል ነው። የተሻሻሉ የድሮ መኪኖችን የሚያውቅ ፈልጉ፣ የመኪናዋን ዋጋም በስምምነት አስጽፉ። ያለበለዚያ አደጋ ሲደርስ የሚከፍሏችሁ የተራ ኤምጂቢ ዋጋ ነው።

ከ40 ዓመት በላይ የሆነች መኪና እዚህ የመንገድ ግብር አትከፍልም። በታሪካዊነት ከተመዘገበች የለንደንን የአየር ብክለት ክፍያም፣ በቀን 12.50 ፓውንዱን፣ አትከፍልም። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ባለፉት 30 ዓመታት መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገባት ዓመታዊ ምርመራ አይጠበቅባትም። ቪ8 መክተት መሠረታዊ ለውጥ ነው? መመሪያው የሲሊንደር ቁጥር ከተለወጠ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል፤ ፋብሪካው ራሱ ያቀርበው የነበረ ሞተር ከሆነ ግን ለውጥ አይባልም ይላል። ጂቲ ቪ8ን ፋብሪካው ሠርቷል፣ ስለዚህ ነፃ ነህ ብለው የሚከራከሩ አሉ። ይከራከሩ። እኔ በየዓመቱ አስመረምራታለሁ። የመሪው ክሮቼራ ሲፋቅ የሰማ ሰው ሌላ ዓይን እንዲያይለት ይፈልጋል።

አሁን ያልጨረስኩት የፍጥነት መለኪያውን ነው። ካምቢዮውም ዲፈረንሻሉም ስለተቀየሩ ከምሄደው በታች ያሳያል፤ ይህ ደግሞ እዚህ አገር ሕገወጥ ነው። ነቅዬ እንዲያስተካክሉት ልኬዋለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አለ፤ እስኪመለስ ድረስ መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ናት።