ዜብራው ላይ ዜብራ

ላ ፓዝ በገባሁ በማግስቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማው መሃል፣ የሜዳ አህያ እጄን ይዞ መንገድ አሻገረኝ። ይኸው ስንት ወር ሆነው። ሻወር ስገባ ትዝ ይለኝና ብቻዬን "ኡፍ!" እላለሁ። ባለቤቴ ከውጭ "ምን ሆንክ?" ትላለች። "ሳሙና ዓይኔ ገባ" እላታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በኮሪደር ነው።

ውጭ አብሮኝ የተማረ ቦሊቪያዊ ጓደኛ አለኝ። "አገሬ መጥተህ ሆቴል ብታድር እንጣላለን" ይለኝ ስለነበር ያረፍኩት እነሱ ቤት ነው። እናቱ አሉ፣ ሁለት የእህቱ ልጆች አሉ፣ የሁሉም አለቃ የሆኑት አያቱ አሉ። አያቱ ሰባ አምስት አልፏቸዋል። ሽንሽን ቀሚስ፣ ሁለት ረጅም ጉንጉን፣ ከላይ ትንሽዬ ክብ ባርኔጣ። ባርኔጣው ጣል ተደርጓል እንጂ አልታሰረም፤ ግን ንፋስም ዳገትም አይጥለውም። "እማማ" ስላቸው በጣም ደስ አላቸው። ለካ በእነሱም ቋንቋ ያው ነው።

የመጀመሪያው ማታ እራት ላይ ጓደኛዬ ሥራ አምሽቶ አልመጣም። የኔ ስፓኒሽ ደግሞ ከስልክ አፕ የለቀምኩት፣ "ልጁ ፖም ይበላል" ላይ የቆመ ስፓኒሽ ነው። እማማ ጠጋ አሉና "ኤቲዮፔ? ኮሬዶር?" አሉኝ።

ኮሪደር! የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ወሬው እዚህ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። "ሲ! ሲ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "ሙቾ ኮሬዶር! ፒያሳ! ቦሌ! ካዛንቺስ!" በእጄም ረጅም መንገድ አሳየኋቸው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ለእግረኛ መንገድና ለመብራት ይህን ያህል የሚደሰት ቤተሰብ አይቼ አላውቅም።

ጓደኛዬ ሲመጣ እየሳቀ ነገረኝ። ኮሬዶር በእነሱ አገር ሯጭ ነው። ከፒያሳ ቦሌ፣ ከቦሌ ካዛንቺስ እሮጣለሁ ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ማስተካከል ነበረብኝ። አላስተካከልኩም። እማማ ለጎረቤት ተናግረው ጨርሰዋል፤ ልጆቹም እግር እግሬን እያዩ ነው። ደግሞ ለምን እዋሻለሁ፣ ሲጨበጨብልኝ ደስ ብሎኛል። ኢትዮጵያዊ ነኝ ባልኩበት አገር ሁሉ "ሯጭ ነህ?" መባል ሰልችቶኝ ነበር። አበበ ቢቂላ በፈረንጆቹ 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሁላችንንም ዕዳ ውስጥ ከትቶናል። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ የሮጥኩት ሜክሲኮ ታክሲ ለመሻማት ነው። እሱንም አላገኘሁትም።

በዚያ ላይ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። 2,840 ሜትር! ሰው ሁሉ "ላ ፓዝ 3,600 ሜትር ነው፣ ትንፋሽ ያጥርሃል" ሲለኝ "እሱን ለፈረንጅ ንገሩት" ነበር መልሴ። አውሮፕላን ውስጥ ያነበብኩት ጽሑፍ ደግሞ የባሰ አበላሸኝ። 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደማቸው ሲመረመር ሄሞግሎቢናቸውም ኦክስጅናቸውም ባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ ይላል። "ኢትዮጵያውያን" የሚለው ላይ ስደርስ ስልኬን ዘጋሁት። የተመረመሩት የሰሜን ተራሮች ሰዎች እንጂ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ የሚውል ሰው እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ከከተማው በላይ፣ ኤል አልቶ ነው። ከራስ ዳሽን ጫፍ የሚያንሰው አምስት መቶ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስወርድ ጭንቅላቴ ውስጥ ሰው ቡና እየወቀጠ ነበር። የጓደኛዬ እናት የአገሩን ምክር ነገሩኝ፦ ትንሽ ብላ፣ ቀስ ብለህ ሂድ፣ ብቻህን ተኛ። ሦስተኛውን ብቻ አከበርኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ እማማ ሮድሪጌዝ ገበያ ሊሄዱ ሲነሱ "አብሬ እሄዳለሁ" አልኩ። ልጆቹም ተከተሉን። ላ ፓዝ ገደል ውስጥ የተዘረጋ ከተማ ነው። ሀብታሙ ታች ይኖራል፤ ታች ይሞቃል፣ አየሩም ይሻላል። ደሃው ላይ ነው። ትንፋሽም በገንዘብ ነው ማለት ነው።

ገበያው ጉድ ነው። የድንቹ ዓይነት አያልቅም። ቹኞ የሚሉት ጥቁሩን ጠጠር መስሎኝ ነበር። ሌሊት ውርጭ እያስመቱ፣ በእግር እየረገጡ፣ ቀን ፀሐይ ላይ እያደረቁ ነው የሚሠሩት፤ ለዓመታት ይቀመጣል። እኛ አገር ውርጭ ሲመጣ እናለቅሳለን፣ እነሱ ስንቅ ያደርጉታል።

እማማ አሥራ አምስት ኪሎ የሚሆን ድንች አጉዋዮ በሚሉት ባለ ቀለም ጨርቅ ቋጥረው እንደ ልጅ ሊያዝሉት ሲሉ ተቀበልኳቸው። አያቴ የሚሆኑ ሰው ተሸክመው እኔ እጄን እያወናጨፍኩ ልሄድ? አይሆንም። ከገበያው የከተማው ዋና ጎዳና ወደሆነው ፕራዶ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። አንደኛው ልጅ "ኮሬዶር!" ብሎ ጮኸ። እኔም ሮጥኩ። ቁልቁለት ላይ ሁሉም ሰው ኃይሌ ነው። ልጆቹ ስልክ አውጥተው እየቀረጹ፣ ድንቹ ጀርባዬ ላይ እየዘለለ፣ ያቺን ሁለት መቶ ሜትር እንደ ሜዳሊያ በላኋት።

ፕራዶ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ ሳንባዬ ደረሰብኝ።

ዓይኔ ፊት ትንንሽ ኮከቦች ተበተኑ። ጉልበቴን ይዤ ጎነበስኩ። ያቆምኩት ደግሞ የእግረኛ ማቋረጫው መሃል ነው። እማማ ሳያለከልኩ ደርሰው ድንቹን ከጀርባዬ ፈቱና መልሰው አዘሉት። ባርኔጣቸው እንኳ አልተነቃነቀም።

ቀና ስል ዜብራ ቆሟል። መንገዱ ላይ የተቀባውን አይደለም። ባለ ጆሮው፣ ባለ ጭራው፣ በሁለት እግሩ የሚሄደው።

ሞቼ መሰለኝ። እንዲያውም ቅር አለኝ። መልአክ ስጠብቅ የሜዳ አህያ ይላክብኝ?

ለካ የከተማው ልማድ ነው። ከፈረንጆቹ 2001 ጀምሮ ላ ፓዝ ውስጥ ወጣቶች የሜዳ አህያ ልብስ ለብሰው ማቋረጫ ላይ ይቆማሉ። መስመር ላይ የሚቆም ሾፌርን በጭፈራ ያሳፍራሉ፣ ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን ያሻግራሉ። እኔ በየትኛው እንደተመዘገብኩ አልጠየቅሁም። የኔዋ ዜብራ ወጣት ሴት ናት፤ ቀኝ እጄን ያዘች። በግራ በኩል ድንች ያዘሉ አሮጊት። መሃል ላይ እኔ፣ የሰላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ እንደ አዲስ ጥጃ እግሬ እየተጣጠፈ።

መንገዱ ቢበዛ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አንድ ሰዓት ፈጀብን። መብራቱ ተቀየረ፣ ዜብራዋ እጇን ዘርግታ መኪናውን ሁሉ አቆመች። ከሚኒባስ መስኮት አንገቱን አውጥቶ "ፕራዶ፣ ፕራዶ፣ ሳን ፔድሮ!" የሚለው ወያላ ጩኸቱን አቁሞ ዝም ብሎ አየኝ። ወያላ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንዲት ሴትዮ አማተበችብኝ። የዜብራዋ ጭራ ደግሞ በየእርምጃው ጭኔን ይመታኛል፣ እንደሚነዳ ከብት።

ማዶ ስንደርስ ዜብራዋ እማማን ከየት እንደመጣሁ ጠየቀቻቸው። በሆዴ "እባክዎ እማማ" አልኩ። እማማ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በኩራት፣ ለዜብራዋም ለወያላውም ለፕራዶም አወጁ፦

"ኤቲዮፔ! ኮሬዶር!"

ዜብራዋ እጅ ነሳችኝ።

ዳገቱን በሚኒባስ ወጣን። ቤት ስንገባ የኮካ ቅጠል ሻይ ተፈላልኝ። ይሁን፣ መድኃኒት ነው። ከዚያ በኋላ ግን "ቡና" ብለው ያመጡልኝን ሳይ ሕመሜን ረሳሁት። የጣሳ ዱቄት፣ ሙቅ ውሃ፣ ማንኪያ። እኔ እኮ አንድ ኪሎ የሲዳማ ቡና ይዤላቸው ሄጃለሁ! የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ሳሎን መደርደሪያ ላይ፣ ከቅድስት ማርያም ምስል አጠገብ፣ ማሸጊያው ሳይከፈት። "በጣም ስለሚያምር ነው" አሉኝ እናትየው። የራሳቸው አገር ዩንጋስ ቆላ ላይ ግሩም ቡና ያበቅላል፤ እሱ ግን ውጭ ይላካል። እዚህ ላይ አፌን ዘጋሁ። የኛም ምርጡ ቡና የት እንደሚሄድ አውቃለሁና።

ማታ ጓደኛዬ ሊያጽናናኝ ሞከረ። "በፈረንጆቹ 2009 እዚህ ስታዲየም አርጀንቲና 6 ለ 1 ተሸንፋለች፤ ሜሲ ተሰልፎ፣ ማራዶና እያሠለጠነ" አለኝ። ትንሽ ተሻለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሜሲን ማንም የሜዳ አህያ እጁን ይዞ ከሜዳ አላወጣውም።

የባሰው ገና ነበር። ልጆቹ ሲቀርጹ የነበሩት ሩጫውን ብቻ አልነበረም።

ለእንቁጣጣሽ ከላ ፓዝ የዋትሳፕ መልእክት ገባልኝ። አዲስ ዓመታችንን ጓደኛዬ ነግሯቸው ሁሉም እንኳን አደረሰህ ብለዋል። እማማ የላኩት ስቲከር ነው። በግራ ድንች፣ በቀኝ ዜብራ፣ መሃል ላይ አፉን የከፈተ ሰው። ከታች አንድ ቃል አለው።

ኮሬዶር።